በድሮ ስልክ ፎቶና ቪዲዮ አንስቶ መላክ፦ መጀመሪያ መላኪያው ይወሰን

የድሮ ስልክ ስል ሁለት አይነት ስልክ ነው ማወራው። አንዱ ባለ ቁልፉ ነው፣ ካሜራው ከ0.3 ሜጋፒክስል (ሚሊዮን ነጥብ) ጀምሮ ብዙ ጊዜ እስከ 5 ድረስ ሚሄድ፣ ኢንተርኔት አለው ቢባልም ለስሙ ያህል የሆነ። ሌላው ተች ስክሪን ሆኖ ግን አንድሮይዱ 4 ምናምን ላይ ቀርቶ አዲስ አፕ ልጫንበት ሲሉት እምቢ ሚል። ሁለቱም ፎቶ ያነሳሉ፣ እንደውም ብርሃን ካገኙ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ነው ሚያነሱት፣ ችግሩ ሚመጣው ፎቶው ከስልኩ ይውጣ ሲባል ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ከካሜራው ይጀምራል፣ ትልቁን ሳይዝ መርጦ አንስቶ ጨርሶ ከዛ ልላክ ሲል አልሄድ ይለዋል፣ በሩን ሳይለኩ ሶፋ ገዝቶ መምጣት ማለት ነው። ስለዚ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን፣ መጀመሪያ በየት በኩል እንደሚላክ ይወሰናል፣ ከዛ ካሜራው በዛ ልክ ይስተካከላል፣ ማንሳቱ ሶስተኛ ነው።

1. በየት በኩል ነው ምትልኩት?

ጥያቄው አንድ ነው፣ ተቀባዩ አጠገባችሁ ነው ወይስ ሩቅ? አጠገባችሁ ከሆነ ብሉቱዝ ወይ ሚሞሪ ካርድ ይበቃል፣ ሂሳብ አይቆጥርም፣ ጥራቱም አይቀንስም ምክንያቱም ብሉቱዝ ፋይሉን እንዳለ ነው ሚያሻግረው፣ እንደ ቻት አፖቹ አይጨምቀውም። ሩቅ ከሆነ ደግሞ ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው ኤምኤምኤስ (እንደ ጽሁፍ መልእክት በስልክ ቁጥር ሚላክ ግን ፎቶ ሚይዝ)፣ ሁለተኛው በራሱ በስልኩ ኢንተርኔት፣ ሶስተኛው መጀመሪያ ወደ አዲስ ስልክ ወይ ኮምፒውተር አሻግሮ ከዛ መላክ። እኔ ሶስተኛውን ነው ምመርጠው። ሁለት ስራ ይመስላል ግን በድሮ ስልክ ኢንተርኔት አንድ ቪዲዮ ለመጫን ከመታገል ብሉቱዝ ከፍቶ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ስልክ አሻግሮ ከዛ መላክ በጣም ይፈጥናል፣ ባትሪም ይቆጥባል።

ሚላከውም ነገር በየመንገዱ የመጠን ልክ አለው። ኤምኤምኤስ ብዙ ጊዜ 300 ኬቢ አካባቢ ነው ጣሪያው፣ አንዳንድ ኔትወርክ 600 ኬቢ ወይ 1 ኤምቢ ይፈቅዳል፣ ከዛ በላይ ግን አትጠብቁ። ኢሜይል ላይ ጂሜይል 25 ኤምቢ ይላል፣ ነገር ግን ፋይሉ ኢሜይል ውስጥ ሲገባ ወደ ጽሁፍ ተቀይሮ ስለሚሄድ በሲሶ ያህል ያብጣል፣ ስለዚ ከ18 ኤምቢ በላይ የሆነ ነገር ባትሞክሩ ይሻላል።

2. የካሜራውን ሴቲንግ በዛ ልክ ማድረግ

ካሜራውን ከፍታችሁ ኦፕሽን ወይ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ኢሜጅ ሳይዝ ወይ ሪዞሉሽን ሚለውን ፈልጉ። 640 በ480 ሚለው (ፎቶው ወደ ጎንና ወደ ታች ያለው የነጥብ ብዛት ነው) ትንሹ ነው፣ ፎቶው ከ100 ኬቢ ብዙም ስለማይበልጥ ለኤምኤምኤስ ልክ ነው። 1600 በ1200 ሚለው 2 ሜጋፒክስል ነው፣ ግማሽ ኤምቢ አካባቢ ይሆናል፣ ለብሉቱዝም ለኢንተርኔትም ምንም አይልም። 2592 በ1944 ካለ 5 ሜጋፒክስል ነው፣ ከ1 ኤምቢ በላይ ይሆናል።

ፎቶውን ማሳተም ካሰባችሁ ግን 640 በ480ን እርሱት። 2 ሜጋፒክስሉ 10 በ15 ሳንቲሜትር ላይ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል፣ ትንሹ ግን ከ8 በ6 ሳንቲሜትር በላይ ሲለጠጥ ካሬ ካሬው መታየት ይጀምራል። ደግሞ ትልቁን አንስቶ በኋላ ማሳነስ ይቻላል፣ ትንሹን አንስቶ ማሳደግ ግን አይቻልም፣ የትኛውም አፕ ቢሆን ያልተነሳውን ነገር መልሶ አያመጣም፣ ገምቶ ይሞላል እንጂ። ስለዚ ስልኩ ኤምኤምኤስ ሲላክ ራሱ ሚያሳንስ ከሆነ (ብዙዎቹ "ፎቶው ትልቅ ነው ላሳንሰው?" ይላሉ) 2 ሜጋፒክስል ላይ አድርጋችሁ ተዉት።

እዛው ሴቲንግ ውስጥ ሌላ ሁለት ነገር እዩ። ሳይነካ ከተተወ ብዙ የድሮ ስልክ ፎቶውን በስልኩ ሚሞሪ ላይ ነው ሚያስቀምጠው፣ እሱ ደግሞ አንዳንዱ ላይ ጥቂት ኤምቢ ብቻ ነው፣ ስለዚ ስቶሬጅ ሚለውን ሚሞሪ ካርድ አድርጉት። ሁለተኛው ቀንና ሰአቱ ነው። ባትሪው ሲወጣ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ፎቶው ሁሉ የዛሬ ሃያ ምናምን አመት የተነሳ ሆኖ ይመዘገባል፣ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥም ከሁሉም ስር ገብቶ ይጠፋባችኋል። ኢንተርኔቱም በዚሁ ቀን ምክንያት እምቢ ሊል ይችላል፣ እሱን ታች እመጣበታለሁ።

3. ማንሳት

መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ። ይሄን ሰው ይንቀዋል ግን ኪስ ውስጥ የኖረ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ፣ ፎቶው ጭጋግ ለብሶ ሚወጣው ብዙ ጊዜ በሱ ነው። ትንፋሽ እፍ አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ በጥፍር ወይ በሻካራ ነገር ግን በፍጹም፣ የብዙዎቹ መሸፈኛ ፕላስቲክ ስለሆነ ይጫራል።

ከዛ ብርሃን። የድሮ ካሜራ ሴንሰሯ ትንሽ ናት፣ ጨለማ ሲሆን ብርሃን ለመሰብሰብ ረጅም ጊዜ ትከፈታለች፣ በዛ መሃል እጃችሁ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ይበላሻል። ስለዚ ምታነሱት ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙር፣ ጀርባውን ሳይሆን። ናይት ሞድ ሚባለውም ተአምር የለውም፣ የመከፈቻ ጊዜውን ማርዘም ነው፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወይ ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ካልሆነ አትጠቀሙበት። ፍላሹም ቢሆን ያቺ ትንሽ ኤልኢዲ ናት፣ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ብዙም አትደርስም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በሷ ላብራ ማለት ባትሪ መጨረስ ነው።

ዙሙን አትንኩት። የድሮ ስልክ ዙም ወደ እቃው አያቀርብም፣ ፎቶውን መሃሉን ቆርጦ ነው ሚለጥጠው፣ በእግር መጠጋት ይሻላል። መጠጋት ሲባል ግን ገደብ አለው፣ ብዙ የድሮ ካሜራ ፎከሱ ቋሚ ነው፣ ከ50 ሳንቲሜትር በታች ሲጠጉት ብዥ ይላል። ማክሮ ሚል ምልክት (ብዙ ጊዜ የአበባ ስእል ነው) ካለው ለቅርብ ነገር እሱን አብሩት፣ ስትጨርሱ ደግሞ አጥፉት አለዚያ ቀጣዩ የሰው ፎቶ ሁሉ ብዥ ይላል።

ቁልፉን ስትጫኑ ወዲያው አያነሳም፣ ትንሽ ይቆያል፣ አንዳንዱ አንድ ሰከንድ ያህል። ሰው ደግሞ ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ስልኩን ያወርዳል፣ የተነሳው መሬቱ ይሆናል። ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ተጫኑ፣ ድምጹ እስኪሰማና ፎቶው ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ እንዳላችሁ ቆዩ። ሁለት ደረጃ ያለው ቁልፍ ከሆነ (5 ሜጋፒክስል የሆኑት ላይ የተለመደ ነው) መጀመሪያ ግማሽ ተጭናችሁ ፎከስ እስኪይዝ ጠብቁ፣ ከዛ እስከ መጨረሻው።

ወረቀት ማንሳት ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ እዚጋ ትንሽ ልቆይ፣ አብዛኛው ሰው ዛሬ የድሮ ስልክ ካሜራ ሚፈልገው ሰነድ ወይ ደረሰኝ አንስቶ ለመላክ ነውና። አንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ በ640 በ480 ብታነሱት 3 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ10 ነጥብ በታች ነው ሚደርሰው፣ በተለይ የኛ ፊደል በትንሽ እግርና ቀለበት ስለሚለያይ ለ ይሁን ሉ አይታወቅም። በ2 ሜጋፒክስል ይነበባል፣ ካሜራችሁ ከዛ በታች ከሆነ ግን ገጹን ሁለት ወይ ሶስት ቦታ ከፍላችሁ ለየብቻ አንሱት፣ ሲከፋፈል ጫፍ ጫፉ ትንሽ ይደራረብ መስመር እንዳይጠፋ። ፍላሽ ይጥፋ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ክብ ሰርቶ ጽሁፉን ይበላዋል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይነጠፍ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ የራሳችሁ ጥላ እንዳያርፍበት በየት በኩል እንደምትቆሙ እዩ። አንስታችሁ ስትጨርሱ እዛው ስልኩ ላይ አጉሉና አንብቡት፣ እናንተ ካላነበባችሁት ተቀባዩም አያነበውም።

4. ቪዲዮ ከሆነ

ቪዲዮ ላይ የመላኪያው ነገር ይብሳል። 176 በ144 ሚለው ትንሹ ሳይዝ በደቂቃ 1 ኤምቢ አካባቢ ነው ሚይዘው፣ ፊት በቅርብ ካልሆነ ብዙም አይለይም ግን ለኤምኤምኤስ ሚሆነው እሱ ነው፣ እሱም ቢሆን ለ10 እና 20 ሰከንድ። 320 በ240 መካከለኛ ነው። 640 በ480 ካለው እሱን ያዙ፣ ምትልኩት በብሉቱዝ ወይ በካርድ ከሆነ። 720 ሚባለውን ሳይዝ ሚቀርጹ አንድሮይዶች ላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 90 ኤምቢ ሊሄድ ይችላል፣ 3 ደቂቃ ቀርጻችሁ በኢሜይል ልላክ ብትሉ አይታሰብም። ብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች የቪዲዮ ርዝመት ሚል ሴቲንግ አላቸው፣ አንዱ ምርጫ ለኤምኤምኤስ ሚሆን አጭር ነው፣ ሌላው ማክሲመም። ቀረጻው በግማሽ ደቂቃ ራሱ እየቆመ ካስቸገራችሁ ስልኩ አልተበላሸም፣ አጭሩ ላይ ተቀምጦ ነው።

ስልኩን ወደ ጎን አጋድማችሁ ቅረጹ። አዲሶቹ ስልኮች እንዴት እንደተያዙ መዝግበው ሲታዩ ራሳቸው ያዞራሉ፣ ብዙ የድሮ ስልክ ይሄን አያውቅም፣ ቁም አድርጋችሁ ከቀረጻችሁት ኮምፒውተር ላይ ሰዉ ሁሉ ተኝቶ ይወጣል። ማይኩን በጣት አትሸፍኑ፣ አብዛኛው ጊዜ ከታች ምትናገሩበት ቀዳዳ ነው፣ ስልኩ ሲጋደም ደግሞ ልክ መዳፋችሁ ስር ነው ሚመጣው። ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት ድምጽ ኦን መሆኑን እዩ፣ ሚዩት ሚል ምርጫ ያላቸው አሉ። ካሜራውን ቶሎ ቶሎ አታዙሩ፣ በሰከንድ 15 ምስል ብቻ ሚቀርጽ ስልክ ላይ ሲዞር ሁሉም ነገር ይቀባባል፣ አንድ ቦታ ይዞ መቆየት፣ ከዛ ቆርጦ ሌላ ቦታ መጀመር ይሻላል።

አንድ በጣም ሚጎዳ ነገር አለ። ስቶፕ ካላችሁ በኋላ "ሴቪንግ" ሚለው እስኪጠፋ ድረስ ስልኩን አትዝጉ፣ ካርዱንም ባትሪውንም አታውጡ። 3ጂፒ እና ኤምፒ4 ሚባሉት የቪዲዮ ፋይሎች ላይ ምስልና ድምጹ የት የት እንዳለ ሚናገረው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ ሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያ ሳይጻፍ ከተቋረጠ ፋይሉ ሳይዝ ኖሮት እንኳን አይከፈትም። ለዚሁ ነው ባትሪ 10 ፐርሰንት ላይ እያለ ረጅም ቪዲዮ መጀመር ሞኝነት የሚሆነው፣ ስልኩ መሃል ላይ ከጠፋ ያለው ሁሉ ሊሄድ ይችላል። አጫጭር አድርጋችሁ ቅረጹ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

5. መላክ

ብሉቱዝ፦ በሁለቱም ስልክ ብሉቱዝ ይከፈት። ሰው ሚያመልጠው እዚጋ ነው፣ ተቀባዩ አዲስ አንድሮይድ ከሆነ ለሌላ ስልክ ሚታየው የብሉቱዝ ሴቲንግ ገጹ ክፍት እስካለ ድረስ ብቻ ነው፣ ስለዚ ያ ገጽ ተከፍቶ ይቀመጥ። ከዛ ከድሮው ስልክ ጋለሪ ገብታችሁ ፎቶውን መርጣችሁ ኦፕሽን፣ ሴንድ፣ በብሉቱዝ በሉት፣ ይፈልጋል፣ የተቀባዩን ስም ምረጡ። ኮድ ከጠየቀ ሁለታችሁም አንድ አይነት ቁጥር ጻፉ፣ 0000 ወይ 1234 ይሁን ምን ችግር የለውም። አሁን ተቀባዩ ስልክ ላይ ከላይ ኖቲፊኬሽን ይመጣል፣ ቶሎ ተቀበል ካልተባለ ላኪው ስልክ ይሰለቸውና "አልተሳካም" ይላል፣ ብዙ ሰው ብሉቱዙ አይሰራም ሚለው በዚህ ነው። ፍጥነቱ 5 ኤምቢ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ነው፣ በጣም የቆየ ስልክ ከሆነ ከደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ 10 ሜትር ድረስ ይሰራል ቢባልም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። አይፎን በብሉቱዝ ከሌላ ስልክ ፋይል አይቀበልም፣ አትድከሙ። ኮምፒውተር ሲሆን ደግሞ ዊንዶውስ ላይ መጀመሪያ ፋይል መቀበል ሚለውን ከፍታችሁ እየጠበቀ እያለ ነው መላክ ያለባችሁ።

ሚሞሪ ካርድ፦ ብዙ ፎቶ ሲሆን ከሁሉም ይፈጥናል። ስልኩን ዘግታችሁ ካርዱን አውጡ፣ በአዳፕተር ወይ በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ዲሲአይኤም (DCIM) ወይ ኢሜጅስ (Images) ሚል ፎልደር ፈልጉ፣ ቪዲዮው አንዳንዴ ለብቻው ቪዲዮስ ውስጥ ነው። ካት ሳይሆን ኮፒ አድርጉ። አዲስ ካርድ ምትገዙ ከሆነ ትልቅ ነው ብላችሁ 64 ጂቢ አትግዙ፣ በጣም የቆዩት እስከ 2 ጂቢ ብቻ ነው ሚያነቡት፣ ከነሱ ቀጥሎ የመጡት እስከ 32፣ ከ32 በላይ ያለው ካርድ ሲሸጥ የተፎረመተበት መንገድ የድሮ ስልክ ማያውቀው ነው።

ኬብል፦ ኬብሉ ቻርጅ ብቻ ሚያደርግ ከሆነ ኮምፒውተሩ ምንም አያይም፣ ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም፣ ሌላ ሞክሩ። ሲሰካ ስልኩ ሞድ ይጠይቃል፣ ማስ ስቶሬጅ ወይ ዳታ ትራንስፈር በሉት። አንድሮይድ ከሆነ ስክሪኑ መከፈት አለበት፣ ተቆልፎ ከሆነ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ኤምኤምኤስ፦ ቁጥር ጽፎ መላክ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ግን የኔትወርኩ የኤምኤምኤስ ሴቲንግ ስልኩ ላይ መግባት አለበት፣ ከሌለ የሲሙን ድርጅት ደውሎ "ላኩልኝ" ማለት ነው። ሞባይል ዳታ ይከፈት፣ ዋይፋይ ለዚህ አይሆንም። ሂሳቡ ከዳታ ፓኬጅ ውጪ ሊቆጥር ስለሚችል አስር ፎቶ ከመላካችሁ በፊት አንዱን ልካችሁ ቀሪ ሂሳብ እዩ። ስልካችሁ ሚጠቀምበት 2ጂ ወይ 3ጂ ኔትወርክ የተዘጋበት አገር ከሆናችሁ ደግሞ ይሄም የሞባይል ኢንተርኔቱም አይሰራም፣ ብሉቱዝና ካርድ ግን ኔትወርክ ስለማይፈልጉ እንደበፊቱ ናቸው።

በስልኩ ኢንተርኔት፦ እዚህ ትእግስት ይጠይቃል። ዋትሳፕ ኤስ40 ሚባለው ሲስተም ያላቸውን የድሮ የኖኪያ ስልኮች በ2018 መጨረሻ ተሰናበተ፣ ከኦክቶበር 24፣ 2023 ጀምሮ ደግሞ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ላለ ስልክ አይሰራም፣ ስለዚ "ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነው" ብሎ እያጠፉ መጫን ጥቅም የለውም። ጂሜይልም ከሜይ 2022 ወዲህ ስምና ፓስወርድ ብቻ ሚጠይቀውን የድሮ ኢሜይል አፕ አያስገባም፣ መፍትሄው በሌላ መሳሪያ አካውንታችሁ ውስጥ ገብቶ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ከፍቶ አፕ ፓስወርድ ሚባለውን ባለ 16 ፊደል ኮድ ማውጣት ነው፣ ስልኩ ላይ በፓስወርዱ ፋንታ እሱ ይገባል። ብራውዘሩ "ሰርተፊኬቱ አይታመንም" ካለ (ሰርተፊኬት የድረገጹ መታወቂያ ማለት ነው) መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ፣ ቀኑ ልክ ሆኖም ካለ ስልኩ ውስጥ ያለው የማረጋገጫ ዝርዝር አርጅቶ ነው፣ በሴፕቴምበር 2021 አንድ በብዙ ድረገጾች ሚሰራበት ሰርተፊኬት ጊዜው ሲያልፍ ብዙ የድሮ ስልኮች በአንዴ እንደዚ ሆነዋል። ዝም ብላችሁ "ቀጥል" እያላችሁ ፓስወርድ አታስገቡ። ይሄ ሁሉ ሲያታክታችሁ ነው ያ ከላይ ያልኩት ሶስተኛው መንገድ ሚታያችሁ፣ በብሉቱዝ ወደ አዲስ ስልክ አሻግሮ ከዛ መላክ።

ከአዲሱ ስልክ ስትልኩ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፣ ዋትሳፕ ላይ ደግሞ ዶክመንት በሚለው ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ እንደገና ይጨመቃል፣ ድሮውንም ትንሽ ጥራት ላላት ፎቶ ይሄ ብዙ ነው። 3ጂፒ ቪዲዮ ተቀባዩ ጋር አልከፍት ካለ ወይ ድምጽ ከሌለው ቪኤልሲ ሚባለውን ማጫወቻ ይጫን፣ እሱ ይከፍተዋል።

ከተላከ በኋላ ከድሮው ስልክ ላይ ለማጥፋት አትቸኩሉ፣ ተቀባዩ ከፍቶ አይቶ "ደርሶኛል" እስኪል ይቆይ፣ ቪዲዮ ከሆነ እስከ መጨረሻው አጫውቶ። ኮምፒውተር ላይ ስታጠራቅሙ ደግሞ የፋይሉን ስም እዩ፣ የድሮ ስልክ ካርዱ ባዶ በሆነ ቁጥር ከ001 እንደገና ሊጀምር ይችላል፣ ስለዚ ያለፈው ወር ፎቶና የዛሬው አንድ አይነት ስም ይዘው ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ ሪፕሌስ ላድርገው ወይ ሲላችሁ አይ በሉት፣ በቀኑ ስም አዲስ ፎልደር ከፍታችሁ እዛ ክተቱት።